ከካርቱም እስከ ጣና ደሴቶች፤ በገዛ መኪናው ለሚጓዝ ሰው ስለ መንገዱና ስለ አዝመራው

ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ጐጃምን ዞሮ፥ ጥልቅ ገደል ሰንጥቆ፥ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር እስኪገናኝ ድረስ ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የመኪናው መንገድ ግን ገደሉን ለወንዙ ትቶ በዋድ መዳኒ፥ በገዳሪፍ፥ በመተማና በጐንደር በኩል ስለሚያልፍ፥ ከካርቱም እስከ ባሕር ዳር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት ጣና በ1,800 ሜትር ግድም ይገኛል፤ በመካከላቸው ያለው የጭልጋ ደጋ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ይህን መንገድ በገዛ መኪናው የሚጓዝ ሰው በመስኖ የሚለማውን ሜዳ፥ በዝናብ የሚታረሰውን ዋልካ፥ የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበትን ቆላ፥ የጤፍና የሽንብራውን ወይና ደጋ፥ በመጨረሻም ሞፈርና ቀንበር የማይገቡበትን የዘጌን የቡና ደን በተከታታይ ያያል። በካርቱም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አገራቸውን ለመጐብኘት ከሚያስቧቸው መንገዶች ሁሉ፥ ለእርሻ ወዳጅ ይህን የሚያህል ትምህርት የሚሰጥ ያለ አይመስለንም።

ነገር ግን መንገድ ማቀድና ለመንገድ መነሣት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። (ዓመቶቹን በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን፤ ወሮቹን ግን ገበሬው በሚያውቃቸው ስም እንጠራለን።) በ2023 ሚያዝያ ወር በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ኢትዮጵያውያን፥ ሱዳናውያንና የሌላ አገር ሰዎች ወደ መተማ የሸሹት በዚሁ መንገድ ነበር። ዋድ መዳኒ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወድቃ እስከ 2025 ጥር ድረስ ቆየች፤ ካርቱምም ወደ ሱዳን ጦር እጅ የተመለሰችው በ2025 መጋቢት ነው። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ በ2023 ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተነሣ፤ በ2024 ክረምት መጨረሻ የመተማ ዮሐንስ ከተማ በታጣቂዎች እጅ በገባች ጊዜ ሱዳን የገላባትን በር ዘጋች። ከመተማ ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድም መንገደኛን አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የታወቀ አደጋ ሆነ። በር ተከፈተ ሲባል መንገዱ ደኅና ሆነ ማለት እንዳልሆነ ማንም ሊያስተውለው ይገባል።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ተነሡ የሚል አይደለም። መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት መንገደኛው ሦስት ወገኖችን መጠየቅ አለበት፤ ይኸውም የኢትዮጵያን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፥ የሁለቱን አገሮች የጉምሩክ ሹሞች፥ ደግሞም በዚያው ሳምንት ከመተማ ጭነው የመጡ የካሚዮን ነጂዎችን ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በመልሱ ቢያመነታ፥ መቈየት ይሻላል። በኛ ግምት የነጂዎቹ ቃል ከሁሉ ይልቅ ይታመናል፤ በመንገዱ ላይ ያለው ሕይወታቸውና እንጀራቸው ነውና። እስከዚያው ግን ዕቅዱን ማዘጋጀት ከንቱ አይደለም፤ የመኪናው ሰነድ ብዙ ሳምንታት የሚፈጅ ሲሆን፥ የጉዞው ወራትም በእርሻው ወራት የሚወሰን ነውና አስቀድሞ ማሰብ ይጠይቃል።

የጉዞው ጊዜ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ቢሆን ይመረጣል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ በካርቱም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው፤ ሐቡብ የሚባለውም የአቧራ ማዕበል በድንገት ተነሥቶ ዓይን ያሳውራል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ በገዳሪፍና በመተማ ዙሪያ ያለው ዋልካ መሬት ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ፥ ከአስፋልቱ አንድ መቶ ሜትር የወጣ መኪና እንኳ እስከ ወገቡ ሊሰምጥ ይችላል። በኅዳር ግን መሬቱ ደርቋል፤ ሰሊጡ ተሰብስቧል፤ ማሽላው በመታጨድ ላይ ነው፤ በደጋውም የጤፉ አዝመራ ደርሷል። ጥምቀትን በጐንደር ማክበር የሚወድ ሰው ጥር 11 ቀንን አስቦ ወደ ኋላ ቢቈጥር፥ ሁሉንም አዝመራ ለማየት ይደርሳል።

ወደ ሩቅ ደሴት የሚሄድ ሰው ጉዞውን ከቅርቡ ደሴት ቢጀምር መልካም ነው። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት ለካርቱም አትክልትና ሎሚ ስትመግብ የኖረች የእርሻ መንደር ናት። አፈሯ ከኢትዮጵያ ደጋ ታጥቦ የወረደ ደለል ነው፤ የደሴቱም ሰዎች በክረምት ወንዙ ሲሞላ በተራ እየጠበቁ፥ የተሸረሸረውን ዳርቻ በአሸዋ ከረጢት እየደፈኑ፥ ለብዙ ትውልድ እርሻቸውን ከጐርፍ አድነዋል። ከጦርነት ግን ሊያድኑት አልተቻላቸውም። ከከተማው የሚያገናኛቸው አንድ ድልድይ በተዘጋባቸው ጊዜ ምግብና መድኃኒት ተቸግረው፥ አብዛኞቹ በ2024 ደሴቱን ለቀው ወጡ። ተመልሶ መሬቱን ለሚያርሰው ሰው የመጀመሪያው ሥራ መስኖውን ማጽዳትና ዘር ማግኘት ነው።

ከካርቱም ደቡብ ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዋድ መዳኒ ይደረሳል። በመንገዱ ቀኝ ያለው ሜዳ ሁሉ የጀዚራ እርሻ ነው። የሰናር ግድብ በ1925 ተፈጽሞ የዓባይ ውሃ ወደ ቦዩ ከተለቀቀ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ ከ2 ሚሊዮን ፈዳን በላይ ሆኗል፤ አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ነው። የዚህ እርሻ ጥበብ ያለው በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ነው፤ ሜዳው ከወንዙ ዳር ጀምሮ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ በጥቂቱ ስለሚያዘቀዝቅ፥ ውሃው ያለ ሞተር በራሱ ክብደት ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሾቹ ይወርዳል። በጥንቱ ሥርዓት ገበሬው ጥጥ እንዲዘራ ይገደድ ነበር፤ በ2005 የወጣው ሕግ ግን የሚዘራውን እንዲመርጥ ፈቀደለት። ቦዩ በደለልና በአረም ሲሞላ በመጨረሻው ጫፍ ያለው ገበሬ ውሃ አያገኝም፤ በጦርነቱም ዘመን ቦዮቹን የሚጠርግ እጅ በመጥፋቱ ጉዳቱ እጅግ በረታ። ጥጥ ስለ ሰፈረበት ሜዳ ብዙ የተጻፈ ስለ ሆነ ከዚህ በላይ አንዘልቅበትም፤ በዋድ መዳኒ ስለ ነበረው ሌላ ሀብት ግን መናገር ይገባናል።

በዋድ መዳኒ የሱዳን የእርሻ ምርምር ድርጅትና ከ15,000 በላይ የዘር ናሙናዎች የተጠበቁበት የዘር ማከማቻ ነበር። ከማሽላው፥ ከዳጉሳው፥ ከሰሊጡ ገበሬው በብዙ መቶ ዓመታት የመረጠው ዘር ሁሉ በዚያ በብርድ ሣጥን ተቀምጦ ነበር። ከተማዋ በተያዘች ጊዜ ማከማቻው ተዘረፈ፤ ማቀዝቀዣዎቹም ተወሰዱ፤ ዘሩ ተበተነ። የተረፈውን ሠራተኞቹ ከልዩ ልዩ ቦታ ለቃቅመው ካዳኑት መካከል ጥቂቱ በ2025 የካቲት በኖርዌይ አገር፥ በስቫልባርድ በበረዶው ተራራ ውስጥ በተሠራው የዓለም የዘር ጐተራ እንዲቀመጥ ተላከ። ብር ቢዘረፍ በሌላ ብር ይተካል፤ የጠፋ የማሽላ ዘር ግን የሚገዛበት ገበያ የለም። ኢትዮጵያ በ1976 የራሷን የዘር ማከማቻ በአዲስ አበባ ስላቋቋመች፥ ለኛም አገር ጉዳዩ እንግዳ አይደለም።

ለኢትዮጵያውያን የሱዳንን ማሽላ የሚያስወድድ ሌላም ምክንያት አለ። በምዕራብ ሸዋ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በሱዳን በሠሩበት ዘመን «ሐጂን ዱራ 1» የተባለውን ዲቃላ ማሽላ አውጥተው በ1983 ለገበሬው ተሰጠ፤ በአፍሪካ ለገበያ የዋለ የመጀመሪያው ዲቃላ ማሽላ ይኸው ነው። ድርቅን ከመቻሉም በላይ ምርቱ ከባላገሩ ዘር እጅግ ይበልጥ ነበር። ከዚያም በኋላ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ዘሮችን በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። መንገደኛው በገዳሪፍ ሜዳ መካከል በማሽላ ተከብቦ ሲነዳ ይህን ቢያስታውስ፥ መንገዱ ያጥርለታል።

ገዳሪፍ ከመዳኒ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚህ ቦይ የለም፤ ያለው ዝናብና ትራክተር ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊታቸው እህል ለማቅረብ በመኪና የሚታረስ የማሽላ እርሻ ጀመሩ፤ ከዚያ በኋላ ትራክተሩ ደኑን እየበላ እስከ ኢትዮጵያ ጠረፍ ደረሰ። የሙጫ ግራር የነበረበት መሬት ተመንጥሮ፥ ማሽላ በማሽላ ላይ ያለ ዕረፍት ሲዘራበት የአፈሩ ጉልበት አለቀ፤ አቀንጭራም በዛ። የሰሊጡ ነገር ደግሞ የሰው ጉልበት ጉዳይ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬ መያዣው ራሱ ስለሚፈነዳ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልታጨደና በነዶ ቆሞ ካልደረቀ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በየዓመቱ በመስከረምና በጥቅምት ከጐንደር፥ ከጐጃምና ከትግራይ እጅግ ብዙ ሰው ወደ መተማና ወደ ሑመራ፥ ድንበሩንም ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ ለአጨዳ ይወርድ ነበር። ድንበር ሲዘጋ የሚጐዳው ነጋዴው ብቻ አይደለም፤ በዚያ ወር ደመወዝ የበሬ መግዣ ያገኝ የነበረውም የደጋ ልጅ ጭምር ነው።

በዚህ ቆላ የሚያድር ሰው ከወባ በቀር ካላዛርን መፍራት አለበት። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እጅግ ትንሽ ናት፤ በተሰነጣጠቀ ዋልካ ውስጥና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የምትነክሰውም ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ቀን በግራር ጥላ ማረፍ አይከለከልም፤ ሌሊት ግን ከግራር ሥር መተኛት አይገባም፤ አጐበሩም ቀዳዳው የደቀቀና መድኃኒት የተነከረ መሆን አለበት። የበሽታው ምልክት ከወራት በኋላ ሊታይ ስለሚችል፥ ከጉዞው በኋላ የማይለቅ ትኵሳት የያዘው፥ የሚከሳና ጣፊያው የሚያብጥ ሰው በመተማ ቆላ ማደሩን ለሐኪሙ ይንገር። ያልታከመ ካላዛር አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ በጊዜው ለታከመ ግን መድኃኒት አለው።

ከገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ገላባት፥ ከድልድዩ ማዶ መተማ ዮሐንስ ይገኛል። ከተማው ስሙን ያገኘው በ1889 መጋቢት በዚህ ቦታ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። መንገደኛው እዚህ ሰነዱን ያወጣል፤ ፓስፖርትና ቪዛ፥ የመኪናው ሊብሬ፥ መንጃ ፈቃድ ከዓለም አቀፉ ቅጂ ጋር፥ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፥ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት፥ ከሁሉም በላይ መኪናው ሳይቀረጥ ለጊዜው እንዲገባ የሚያስፈቅደው ካርኔ የሚባለው ዋስትና። የካርኔው ቅጠል በመግቢያም በመውጫም በጉምሩኩ ማኅተም ካልተመታበት፥ መኪናው እንደ ተሸጠ ተቈጥሮ ቀረጡ ከባለቤቱ ይጠየቃል። ስለ መንዳቱ አንድ መልካም ነገር አለ፤ በሁለቱም አገር የሚነዳው በቀኝ ነው። ኢትዮጵያ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ስትዛወር ሱዳን እስከ 1973 ድረስ በግራ ቆይታ ነበርና፥ በዚያ ዘመን መንገደኛው በዚህ ድንበር ላይ መሥመር መለወጥ ነበረበት።

አሁን ወደ ዋናው ማሳሰቢያ ደርሰናል። ከገዳሪፍ መኪና ይዞ የሚመጣ ሰው ሳያውቀው ዘር ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የአቀንጭራ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዷ ተክል በአሥር ሺሆች የሚቈጠር ዘር ትሰጣለች፤ ዘሩም የማሽላ ሥር እስኪያገኝ ድረስ በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። አቀንጭራ ሥሯን በማሽላው ሥር ላይ ተክላ ምግቡን ስለምትጠባ፥ ገበሬው ከመሬት በላይ ሐምራዊ አበባዋን በሚያይበት ጊዜ ጉዳቱ ደርሷል። ቅንጬ አረም የሚባለውም ፓርቴኒየም በኢትዮጵያ የተስፋፋው ከሁሉ ይልቅ የመኪና መንገድን ተከትሎ ነው። ስለዚህ መኪናው ወደ ደጋ ከመውጣቱ በፊት ጐማውን፥ የጭቃ መከላከያውንና ከሥር ያለውን ብረት ሁሉ አጥቦ፥ ምንጣፉን አራግፎ፥ ጫማውን ጠርጎ መሻገር የማንኛውም ነጂ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። እጥበቱም ከእርሻና ከወንዝ ራቅ ብሎ መሆን አለበት፤ አለዚያ ዘሩን ከጐማ ወደ ማሳ ማሸጋገር ብቻ ይሆናል።

ከዚህም የሚከብድ ፈተና አለ። በጭልጋ ወይም በደምቢያ ዘመድ ያለው ሰው ከገዳሪፍ ገበያ ያማረ ማሽላ ወይም ነጭ ሰሊጥ አይቶ አንድ ቁና ለዘር ይዞ መግባት ይመኛል፤ ዘመዱም ይህን ሳይለምነው አይቀርም። ያለ ዕፀዋት ጤና የምስክር ወረቀት ዘር ማሻገር የተከለከለ መሆኑ ሳይበቃ፥ ከገበያ በተገዛ ማሽላ ውስጥ የአቀንጭራ ዘር በዓይን ሊለይ አይችልም። ለዘመድ ስጦታ ጨርቅ ወይም ሻይ ቢወሰድለት ይሻላል፤ ዘሩን ግን ከምርምር ጣቢያ ይጠይቅ።

ከመተማ በገንዳ ውሃ በኩል ወደ አይከል የሚወጣው መንገድ ከ700 ሜትር ግድም ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በሜዳ የለመደ ነጂ መኪናው የታመመ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን አየሩ መሳሳቱ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ጭነቱን ከካርቱም ቀንሶ መነሣት ያስፈልጋል። የራዲያተሩን ውሃና ቺንጋውን ከዳገቱ በፊት መመርመር፥ በቍልቍለትም ፍሬኑን ከማቃጠል በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ግድ ነው። ሁለት መለዋወጫ ጐማ፥ ክሪክ፥ መጐተቻ ገመድ፥ የነዳጅና የውሃ ጀሪካን አይጓደል፤ ነዳጅ በገጠሩ ብቻ ሳይሆን በከተማውም የሚጠፋበት ጊዜ አለና። የሚያበስል ሰውም ይህን ይወቅ፤ በደጋው ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ግድም ስለ ሆነ በካርቱም የለመደው ባቄላ በለመደው ሰዓት አይበስልለትም። በማታ መንዳት ፈጽሞ አይገባም። በገበያ ቀን አህያውም በሬውም ገበያተኛውም በአስፋልቱ ላይ ነው፤ መንገዱን ከመኪናው በፊት የያዙት እነርሱ ናቸውና ፍጥነት መቀነስ የነጂው ፋንታ ነው።

ስለ ጐንደር ግንቦች በሌላ ቦታ የሚነበብ ሞልቷል፤ ስለ ሰሜን ተራራና ስለ ደባርቅ ገብስም እንዲሁ። የእርሻ ሰው ግን ከአዘዞ ወደ ጐርጎራ ወርዶ የደምቢያን ጥቁር መሬት ይይ፤ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ማሳ ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ብቻ ሽንብራና ጓያ ያበቅላል። በባሕር ዳር መንገድ በወረታ አጠገብ ያለው የፎገራ ሜዳ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ድሮ የሚታወቀው በፎገራ ላም ወተት ነበር፤ ከ1970ዎቹና ከ80ዎቹ ዓመታት ወዲህ ሩዝ ገብቶ፥ ጐርፍ ያበላሸው የነበረው ሜዳ የኢትዮጵያ ሩዝ ዋና አገር ሆነ። ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር የብዙ ቤት ኑሮ ለውጧል፤ የግጦሹ መሬት እየጠበበ የፎገራ ከብት ዘር እየሳሳ መሄዱ ግን ያሳስባል።

መኪናው የሚቆመው በባሕር ዳር ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያልፍ ስፋትና 37 ያህል ደሴቶች አሉት፤ ብዙዎቹ ገዳማት ናቸው። ልሳነ ምድር የሆነው ዘጌ በየብስም ይደረሳል፤ በዚያ በጥንት ሥርዓት ከብት ማርባትና በበሬ ማረስ ስለማይፈቀድ ደኑ ሳይመነጠር ኖሯል፤ ሕዝቡም በዛፍ ጥላ ሥር በሚበቅል ቡና፥ በጌሾና በሎሚ ይተዳደራል። ለአፈር ጥበቃ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የደቅ ደሴት ትልቁ ነው፤ ገበሬዎች ዳጉሳ፥ ማንጎና ቡና ያለሙበታል፤ በዳርቻውም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ። አጠገቡ ባለው ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ይገኛል። ወደ ዳጋና ወደ ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንዳይገቡ የገዳሙ ሥርዓት ስለሚከለክል፥ ቤተ ሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ለባለቤቱና ለሴት ልጆቹ ቢነግራቸው ቅሬታ አይፈጠርም።

ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወጥቶ በፀሐይ መድረቅ አለበት፤ ለእንግዳ የሚሻለው የሞተር ጀልባ ነው። በ2011 በጣና የታየው እምቦጭ ግን የዓሣ አጥማጁን መረብ፥ የጀልባውን መዘውርና የከብቱን ውሃ መጠጫ ይዟል። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሲሆን ሱዳንን ያወቃት ቀድሞ ነው፤ በ1958 በነጭ ዓባይ ላይ ታየ፤ በ1937 የተሠራው የጀበል አውልያ ግድብ ወደ ካርቱም እንዳይወርድ ለብዙ ዘመን አገደው። ሥሩ የተበጠሰ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ ተንሳፍፎ ይበቅላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ይቈያል። የጀልባ ገመድ፥ መረብ፥ መንጠቆና ቦቲ ጫማ ይዞ ከአንዱ ውሃ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ሁሉንም አጥቦ በፀሐይ ያድርቅ፤ አበባው ቢያምርም አንዲት ግንድ ለአትክልት ቦታው አይውሰድ።

ከቀትር በኋላ በጣና ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉም ትንሹን ጀልባ ያናውጣል። ስለዚህ ወደ ደቅ የሚሻገር ሰው ጎሕ ሲቀድ ይነሣ፤ የሚመለስበትንም ሰዓት ከጀልባው ባለቤት ጋር ከመሳፈሩ በፊት ይዋዋል።